መልስ፦ ለሚፈስ አፍንጫ፣ አፍንጫ ውስጥ በቅዝቃዜ የሚሠራው ሕክምና ያማል ወይ?

እህቴ ያማል ወይ፣ ደግሞስ ለውጥ አለው ወይ ላልሽው፣ እኔ እዚሁ ሜሪላንድ አምና አሠርቼዋለሁ፣ ክላሪፊክስ የሚሉት ነው። የኔ አፍንጫ ትኩስ ወጥ ፊቴ ሲቀርብ እንደ ቧንቧ ነበር የሚፈሰው፣ ሰው ቤት ስጋበዝ ሶፍት በግራ እጄ ጨብጬ ነው የምጎርሰው፣ የአለርጂ ክኒን ደግሞ ምንም አላደረገልኝም።

ቢላ ምናምን የለውም። ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልሽ አፍንጫሽን ያደነዝዙና ጫፉ ላይ ትንሽዬ ፊኛ ያለው ቀጭን ዘንግ ያስገባሉ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ በሚባል ጋዝ ይቀዘቅዝና ከኋላ በኩል ንፍጥ አምርት እያለ የሚያዘውን ነርቭ ያበርደዋል፣ በየጎኑ 30 ሴኮንድ ገደማ ነው። ሲሠሩት ምንም አላለኝም፣ ከጨረሱ በኋላ ግን አይስክሬም ቶሎ ስትውጪ ግንባርሽን የሚወጋሽ ነገር አለ አይደል፣ እሱ መጣብኝ፣ ያውም ጠንከር ብሎ። ከዛ ሁለት ሳምንት ይባስ ታፈንኩ፣ ተበላሁ ብዬ ነበር፣ ለውጡን ያየሁት ከወር በኋላ ነው። ሙሉ በሙሉ አልቆመም ግን ሶፍቱ ቀርቷል። ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም ደግሞ።

አንቺ የሚበዛብሽ መታፈኑ ከሆነ መጀመሪያ በካሜራ ይዩሽ፣ አጥንቱ ተጣሞ ወይ ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚያድግ ሥጋ) ኖሮ ከሆነ ይሄ አያስተካክለውም። አፍሪን የሚባለውን የታፈነ አፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ በየቀኑ የምትነፊ ከሆነም ከ3 ቀን ካለፈ ራሱ ነው የሚያፍንሽ። ለሚፈሰው አይፕራትሮፒየም ስፕሬይ ቀድመሽ ሞክሪ፣ ርካሽ ነው። ኢንሹራንስሽ እንደሚከፍል ደግሞ ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ ተቀበዪ፣ እኔ በስልክ አዎ ብለውኝ በኋላ የክፍያው ሂሳብ መጣልኝ።