«መደቡ አለ፣ በጀት የለም»

ጥያቄ፦ ባለፈው ሐምሌ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ከአዘዞ እየተነሳሁ የክፍለ ከተማና የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ከረምኩ። የሚለጠፈው ወይ ልምድ ይጠይቃል፣ ወይ የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቢሮ ገብቼ ስጠይቅ «መደቡ አለ፣ በጀት የለም» ይሉኛል። ምን ማለታቸው ነው? ልጠብቅ ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰባት ወር ድካምሽ ይሰማኛል። «መደቡ አለ፣ በጀት የለም» ሲሉሽ ግን እየሸኙሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ይኸው ነው።

«መደቡ አለ» ሲሉሽ መዋቅሩ ላይ ተጽፏል ማለታቸው ነው። መዋቅር ማለት መሥሪያ ቤቱ ለሥራዬ ያስፈልጉኛል ያላቸው የሥራ መደቦች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መደብ መጠሪያ፣ ደረጃና ተፈላጊ ችሎታ አለው። መዋቅሩ ላይ ስለተጻፈ ግን ደመወዝ ተይዞለታል ማለት አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት የሰው ኃይል ዕቅድ ይሠራል፤ በዚያ ዕቅድ ገብቶ በጀት ያላገኘ መደብ ዓመቱን ባዶውን ይከርማል። በጀት ያገኘውም ቢሆን መጀመሪያ በዝውውር ወይም በደረጃ ዕድገት ከውስጥ የሚሞላበት መንገድ ይታያል። አንቺ ሰሌዳ ላይ የምታገኚው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።

በሰው ሀብት ክፍል ስሠራ የፈጸምኩት አንድ ስህተት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠረጴዛዬ ላይ የመደቡን መጠሪያ፣ የሠራተኛውን ስምና የትውልድ ዘመን የያዘ ሰንጠረዥ ነበር። የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ በቀጣዩ ዓመት ማን እንደሚወጣ ለማወቅ ያንን ዓምድ ማንበብ ይበቃ ነበር። አንዲት የወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት የሚመዘገብበት ክፍል) ሠራተኛ ኅዳር ላይ 60 ይሞላቸዋል። ዕቅዱን ግንቦት ላይ ስሠራ ያንን መስመር ሳላየው አለፍኩ፤ ተተኪ አልተጠየቀም። ኅዳር ላይ ሴትዮዋ ጡረታ ወጥተው ተሸኝተው ሄዱ፣ ወንበራቸው ባዶ ቀረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ከተጀመረ ወዲህ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ሰው ተቋርጦ አያውቅም። ልጇን ያዘለች አንዲት እናት ለልደት ምስክር ወረቀት ሦስት ቀን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የታክሲ ገንዘቧን ስትቆጥር አየኋት። የሰው ኃይል ዕቅድ የወረቀት ሥራ ነው የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ናት።

በደንብ ሲታቀድስ? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ተመልከቺ። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ስሌቱ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች የሚል ነበር። ቀበሌዎቹ 15 ሺህ ገደማ ስለነበሩ 30 ሺህ ያህል ሴቶች ያስፈልጋሉ ተባለ፤ አንድ አንድ ዓመት ሠልጥነው ደመወዝተኛ ሆነው ወደየቀበሌው ገቡ። አገልግሎቱን፣ ሥልጠናውንና በጀቱን አንድ ላይ ያሰበ ዕቅድ ስለነበር ሥራው መሬት ወረደ።

አሁን መጋቢት ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚሠራበት ጊዜ ገና አላለፈም። ቢሮ ስትገቢ «ክፍት ቦታ አለ?» ማለቱን ትተሽ፣ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት በማኔጅመንት፣ ልምድ የማይጠይቅ መደብ አቅዳችኋል? የትኛው ጽሕፈት ቤት?» በዪ። የሰው ስምና የጡረታ ጉዳይ አትጠይቂ፤ እሱ የግል ማኅደር ነው። የሲቪል ሰርቪስ መምሪያውንም ጠይቂ፤ የከተማው ዕቅድ ተጠቃልሎ የሚታየው እዚያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከሰሌዳው አትራቂ። መጠሪያውን አይተሽ ብቻ አትለፊ፣ ተፈላጊ ችሎታውን እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ በማኔጅመንት የተመረቀ ሰው በግዥ፣ በንብረት አስተዳደር፣ በመዝገብ ቤትና በዕቅድ ዝግጅት መደቦችም የሚወዳደርበት ጊዜ አለ። ተወዳድረሽ ውጤት ሲለጠፍ ነጥብሽ ካልገባሽ ቅሬታሽን በጽሑፍ አስገቢ። መብትሽ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ቀበሌን አትናቂ። ብዙ ተመራቂ ዓይኑን መምሪያው ላይ ተክሎ ቀበሌውን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ከተማዋ በርግጥ ምን እንደሚጎድላት የሚታወቀው ግን እዚያ ነው፦ የአንገረብ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ አቤቱታው የሚጀመርበት፣ ለጥምቀት እንግዳ ከተማዋን ሲሞላት ለጽዳቱና ለሥርዓቱ ሰው የሚሰባሰብበት፣ አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ለጤና መድህን የሚለዩበት። ሥራውን ከቀበሌ የጀመረ የሰው ሀብት ባለሙያ ስንት ሰው የት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የሌላ ሰው ሪፖርት አይጠብቅም።

እስከዚያው ክረምት ሲገባ በበጎ ፈቃድ አገልግሎቱ ተመዝገቢ፤ የአረጋውያን ቤት እድሳትም ይሁን ማስጠናት ባለሽበት ቀበሌ ሥሪ። ስትጨርሺ ምን እንደሠራሽና ስንት ቀን እንደቆየሽ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠይቂ። ለቋሚ ቅጥር እንደ ሥራ ልምድ ላይቆጠር ይችላል፤ ኮንትራት ሲመጣ ግን የሚያውቁሽ ሰዎች ይኖሩሻል። ኮንትራቱን ስትፈርሚ የሚያበቃበትን ቀን እዪ፤ ወደ ቋሚ ይለወጣል የሚል የቃል ተስፋ አይያዝም።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ የምታርፊበት ዘመድ ካለሽ ከዚሁ ሆነሽ አመልክቺ፤ ለፈተና ሲጠሩሽ ትሄጃለሽ። በተበደረ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ ሥራ መፈለግን ግን አልመክርሽም፤ ሁለተኛው ወር ላይ ሐሳብሽ ሁሉ ኪራዩ ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ቢሮ ሄደሽ ጠይቂና የነገሩሽን ቀኑን ጨምረሽ ማስታወሻ ያዢ። መልሳቸውን ከትምህርት ማስረጃሽ ዝርዝር ጋር ላኪልኝ፤ የትኛው መደብ ላይ ማመልከት እንዳለብሽ አብረን እናያለን።