ሥራውን ተቀበዪ፤ ትምህርትሽን ግን አታቋርጪ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከአራት ዓመት በፊት ከቤተሰብሽ ጋር በዲቪ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባሽ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሽ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ከክፍል በኋላ በሚዘጋጅ የዳንስ መርሐ ግብር ቋንቋውንም ጓደኛውንም እንዳገኘሽ፣ አሁን በ19 ዓመትሽ ደግሞ ከኋላሽ ለሚመጡት ሜንተር (መካሪ) እንደሆንሽ ጽፈሻል። ድርጅቱ በፓርት ታይም አስተባባሪ ሊያደርግሽ ጠይቆሻል፤ አንቺም የነርሲንግ ቅድመ ዝግጅት ትምህርትሽን ትተሽ ልትገቢበት አስበሻል። አባትሽ ይህን ሲሰሙ «አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት ታክሲ የነዳሁት ልጄ ስትጨፍር ለማየት አይደለም» ብለዋል። የጠየቅሽኝ ብዙ ነው፤ እኔ ግን በዚህኛው ላይ ልቆይ።

አባትሽን አከብራለሁ፤ ስለ ሥራው ምንነት የተናገሩት ግን ትክክል አይደለም። አንቺው እንደገለጽሽው፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዱ የዕለቱን ስሜቱን ያለ ቃል በአንድ እንቅስቃሴ ያሳያል፤ የቀሩትም ያንኑ ደግመው ይመልሱለታል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያም ይቀያየራሉ። ከሆንዱራስ የመጣው ልጅ ለሳምንታት የጃኬቱን ኮፍያ አጥልቆ ግድግዳ ተደግፎ ከቆየ በኋላ፣ እስክስታ ስታስተምሪ ትከሻው እምቢ ቢለው በራሱ ስቆ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የአገሩን የፑንታ ጭፈራ ሊያሳያችሁ መሐል እንደገባ ጽፈሻል። እንግሊዝኛ ስላልያዘ ብቻ ቀኑን ሙሉ ምንም እንደማያውቅ ተቆጥሮ የሚውል ልጅ፣ ለአንድ ሰዓት አዋቂና አስተማሪ መሆኑ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1994 የተመሠረተው ካሴል የተባለ የአሜሪካ ተቋም ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርትን ራስን በማወቅ፣ ራስን በመግዛት፣ የሌላውን ስሜት በመረዳት፣ በመልካም ግንኙነትና በኃላፊነት በመወሰን ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል፤ እናንተም እነዚህኑ በክቡ ውስጥ ታለማምዳላችሁ። መምህሩ «ይለመዳል» ቢለው ልጁ ላያምን ይችላል፤ በዚያው ካፌቴሪያ ብቻዋን ምሳ ስትበላ የከረመች ልጅ ስትነግረው ግን ያምናል።

የዚህ ሥራ ምሳሌ በአገራችንም አለ። እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን አስገኝቷል። ከዚያ የወጡት ወጣቶች በተራቸው ሌሎችን አሠልጥነዋል፤ ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ደርሷል። ለአባትሽ ይህን ንገሪያቸው፤ አንቺም ደግሞ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ እነዚያ ወጣቶች እዚያ የደረሱት ለዓመታት በሥርዓት ሠልጥነው ነው፣ ልምድና ፍቅር ብቻ ይዘው አልነበረም።

በሥራው ክብር አንለያይም፤ እኔን የሚያሳስበኝ የደመወዙ ምንጭ ነው። እንዲህ ያለው መርሐ ግብር በአብዛኛው በካውንቲ ወይም በበጎ አድራጊዎች ግራንት (ለተወሰነ ጊዜ በሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) የሚቆም ነው፤ ግራንቱ ሲያልቅ ቀድሞ የሚቀነሰው ከልጆቹ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚውለው፣ ነገር ግን ዲግሪም የሙያ ፈቃድም (ላይሰንስ) የሌለው ሰው ነው። ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ) ከመሆኔ በፊት በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ስብሰባዎች ሳስተረጉም ስለኖርሁ ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። የቤተሰቡን ችግር ከማንም ቀድሞ የሚሰማው አስተርጓሚው ነው፤ ውሳኔው ሲሰጥ ግን «አመሰግናለሁ» ተብሎ ይሸኛል። አንቺም ሁሉን የምታውቂ፣ ምንም የማትወስኚ ሆነሽ እንድትቀሪ አልፈልግም።

ስለዚህ ሥራውን ተቀበዪ፣ ኮሌጁንም አትልቀቂ፤ የትምህርት መስመርሽን ግን ወደ ሶሻል ወርክ ቀይሪ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጀመርሽውን ጨርሰሽ፣ ሮክቪል በሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ግቢ ዩኤምቢሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) በሚሰጠው የሶሻል ወርክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪሽን መያዝ ትችያለሽ፤ የትኞቹ ኮርሶችሽ እንደሚያዙልሽ ከአሁኑ የኮሌጅ አማካሪሽን ጠይቂ። ዲግሪው ቢያንስ 400 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል፤ አንቺ ደግሞ የመስኩን ጠባይ አስቀድመሽ አውቀሽ ትገቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሶሻል ወርክ ዲግሪ ላለው ሰው ማስተርሱን ያሳጥሩለታል። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ትችያለሽ፤ በዚያ የሚገኘው የፔል ግራንት ከፍተኛ መጠን ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር፤ እንደ ብድርም አይመለስም። ዳንስን ራሱን የሕክምና ሙያ ማድረግም ይቻላል፤ ዳንሰኛዋ ማሪያን ቼስ ከፈረንጆቹ 1942 ጀምሮ እዚሁ ዋሽንግተን ሴንት ኤሊዛቤትስ ሆስፒታል ውስጥ ይህን ስትሠራ ኖራለች፣ በ1966 የተቋቋመው የአሜሪካ የዳንስ ሕክምና ማኅበርም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆናለች። ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ ለመመዝገብ ማስተርስ ያስፈልጋል፣ የሥራ ቦታውም ጠባብ ነው። ሶሻል ወርከር በትምህርት ቤትም በሆስፒታልም ይፈለጋል፤ ዳንሱንም ይዘሽው ትገቢያለሽ።

ነርሲንግ ለሚወደው ሰው መልካም ሙያ ነው። አንቺ ግን አናቶሚን አንድ ጊዜ አቋርጠሽ፣ በሁለተኛው በሲ እንዳለፍሽ ነግረሽኛል፤ ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው በውድድር መሆኑን ወላጆችሽ በደንብ የተረዱት አይመስለኝም። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የልጅ ትምህርት የሚመረጠው የጎረቤት ልጅ የት እንደደረሰች እየታየ ነው፤ ይህን ልማድ ፊት ለፊት መናገር ከብዶን ስንት ልጅ በማይወደው ክፍል ዓመታቱን አቃጥሏል። የቤት ኪራዩና ለአያትሽ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ እውነተኛ ጉዳይ ስለሆነ የአቅምሽን ድርሻ ክፈዪ። የአባትሽን ድካም በሙያ ምርጫሽ እንድትከፍዪ መጠየቅ ግን ተገቢ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ቢያነቡትም ቃሌን አልለውጥም። ስታነጋግሪያቸው በወረቀት አድርጊው፦ ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ፣ ለቤት ምን ያህል እንደምታዋጪ፣ ዲግሪው መቼ እንደሚያልቅ ጽፈሽ አሳዪያቸው። ሌሊት የሠራ ሰው በእንባ ክርክር አይረታም፤ ቁጥር ግን ያነባል።

የልጆቹ ታሪክ ቤት ድረስ እየተከተለሽ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔ ግን አላልፈውም፤ የሰማሽውን የምታካፍይው የሠለጠነ ኃላፊ ከሌለ ሥራው የአስተባባሪ ሥራ አይሆንም። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ እንደሚመታ ነግሮሽ ምስጢር እንድትጠብቂለት ቢለምንሽ፣ ልትጠብቂለት አትችዪም፤ በሜሪላንድ ሕግ የልጅ ጥቃትን የጠረጠረ ማንኛውም ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህንን ለልጆቹም ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፤ በኋላ ሲያውቁት እንደ ክህደት ይቆጥሩታል።

ስለ እንግሊዝኛ አነጋገር ዘይቤሽ መሳቀቁን ተዪው፤ ለእነዚያ ልጆች የሚያጽናናቸው እርሱው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊሽ ስለ ጭፈራው ካነሱብሽ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መጥተው እንዲያዩ ጋብዣቸው።

የሜሪላንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የሚጠበቅበትን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሰዓት ጨርሰሽ ተመርቀሻል፤ ከዚህ በኋላ በነፃ የሚሰጥ ሰዓት የለሽም። በማታ ከወላጆች ጋር በስልክ የምታስተረጉሚው ሁሉ በሥራ ውሉ ውስጥ በሰዓት ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ማን እንደሚቆጣጠርሽና በየስንት ጊዜው እንደሚያገኝሽም ይጻፍ። ይህ ካልገባበት አትፈርሚ፤ ረቂቁን ላኪልኝና አብረን እናንብበው።