ምዘናህ ካልተሞላ ዝም ብለህ አትጠብቅ

ወንድሜ፣ የላክልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት ሠርተሃል፣ የከፍተኛ ባለሙያ መደብ ማስታወቂያ ወጣ፣ ተመዘገብክ፣ ከዚያ የሰው ሀብት «የታኅሣሡ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውጤት ማህደርህ ውስጥ የለም» ብሎ ከውድድር አስቀረህ። የምዘና ቅጹን ያልሞላው ደግሞ የቅርብ ኃላፊህ ነው። አንተ ምን አጠፋህ? ምንም። እኔም የሰው ሀብት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ እንዲህ የቀሩ ጎበዝ ሰዎች አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምዘናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ፣ ሌላው ከጥር እስከ ሰኔ። ለደረጃ እድገት ስትወዳደር የቅርብ ጊዜ ውጤትህ ይታያል። አንዱ ከጎደለ መወዳደሪያህ ጎደለ ማለት ነው።

መዘግየቱ ሌላም ጣጣ አለው። ኃላፊው መጋቢት ላይ ቁጭ ብሎ መስከረም የሠራኸውን ከየት ያስታውሰዋል? ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይሞላና ይገላገላል። የለፋውም ያልለፋውም እኩል ይሆናሉ።

አሁን በቃል መጨቃጨቁን ተው። ዛሬውኑ ለኃላፊህ ማመልከቻ ጻፍ፣ ለሰው ሀብት ግልባጭ አድርግ። የስድስት ወር ዕቅድህንና የሥራ ሪፖርትህን አያይዝ፤ ነጥብ ለመለመን ሳይሆን ሥራህ ፊቱ ላይ እንዲቀመጥ ነው። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገህ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዝ። ውድድሩ ገና ካልተጠናቀቀ ይህች ወረቀት ብዙ ትሠራለች። ተጠናቆ ከሆነም ይዘሃት ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሂድ። ቅሬታ የቀን ገደብ ስላለው «ነገ እሄዳለሁ» አትበል።

ኃላፊዬ ሊዛወር ነው ያልከው ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ሳይሄድ አስሞላው! አዲስ የሚመጣው ሰው ያላየውን ግማሽ ዓመት እንዴት ብሎ ይመዝንሃል? የሄደውን ደግሞ ፊርማ ፍለጋ ሌላ መሥሪያ ቤት ድረስ ስትመላለስ ወራት ያልፋሉ።

ቅጹ ሲመጣልህ ነጥቡን ሳታይ እንዳትፈርም። ባዶ ቅጽ ላይ «ፈርምና በኋላ እሞላዋለሁ» ቢልህም እንቢ በል፣ በትህትና። ካልተስማማህ አስተያየትህን በራስህ እጅ እዚያው ጻፍበት። ከዚያ በስልክህ ፎቶ አንሳውና ማህደርህ ውስጥ መግባቱን ራስህ ሄደህ አረጋግጥ።