ውሃ የምትጠጣ ኮሮላ

አንድ የሱሉልታ አንባቢ ሦስት ልጆቹን የሚያመላልስባት ኮሮላ ሊገዛ ነው፤ በፈረንጅ 2004 የተሠራች። ሲሞክራት የእንጦጦ ዳገት ላይ የሙቀት ጌጇ ወጣ። ሻጩ «ትንሽ ውሃ ትቀንሳለች እንጂ ሌላ እንከን የለባትም» አለው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቢነካው ድንጋይ ሆኗል። ልግዛ ወይስ ልተው ይላል።

ወንድሜ፣ ቀብድ እንዳትከፍል። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው የሚሸተኝ፤ በቴስታታውና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ማሸጊያ ማለት ነው። ሞተር ሲበርድ ጎማው ልፍስፍስ ማለት አለበት። አድሮም ከጠነከረ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ለሻጩ ሳትነግረው በማለዳ ሂድ። ኮፈኑን ዳስሰው። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቷታልና ሌላ ቀን ተመለስ። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳት። አረፋው ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ደህና ሁን ብለህ ውጣ። ክዳኑ የሚከፈተው ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው! በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ የሚሉ ሰዎች ፊት ሲቃጠል አይቻለሁ።

ስለዚች ክዳን ትንሽ ላውራ፤ ሰው ይንቃታል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 92 አካባቢ ይፈላል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ሽንብራ እዚህ ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናቶችን ጠይቅ። የቶዮታ ቴርሞስታት፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው፣ የሚከፈተው ደግሞ 82 አካባቢ ነው። በመክፈቻውና በመፍያው መካከል ያለችው አሥር ዲግሪ ብቻ ናት! ሞተሩን የምታድነው ክዳኗ ነች። ግፊት ይዛ መፍያውን ከ110 በላይ ትገፋዋለች። ስፕሪንጓ ከደከመ ጤነኛ ሞተርም ዳገት ላይ ይፈላል። በገበያ ላይ ያለው ርካሽ ክዳን ደግሞ ከቆርቆሮ አይሻልም። የአንተዋ ግን ግፊቱን ይዛ ካደረች ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሻጩ «ጓርኒሲዮኑን አስቀይሬ እሰጥሃለሁ» ካለ ቴስታታው ሲላጭ፣ ማለትም ፊቱ በማሽን ሲስተካከል፣ ቆመህ እይ። ሳይላጭ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባበት ተመልሶ ያው ነው። እኔ የምከፍታቸው ሞተሮች ቴርሞስታታቸው ተነቅሎ ተጥሏል፣ ፋናቸው ቀጥታ ተቀጥሏል፣ ራዲያተራቸው በማሸጊያ ዱቄት ተደፍኗል። ይሄ ጥገና ነው? እስኪሸጥ መሸፈኛ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አስተያይ።

አረፋ ከሌለ ቤተሰቡን ጭነህ እንጦጦን አንዴ ውጣ። ጌጁ ከፍ ካለ ጥግ ይዘህ አጥፋው። ልጆቹን አውርድ። ክዳኑን እንዳትነካ፣ ሻጩም እንዳይነካ።