ባንክ ሁሉ አንድ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ብሔራዊ ባንክ ለመወዳደር አስቤያለሁ። አባቴ ግን «ባንክ ያው ባንክ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደሽ?» ይለኛል። እርስዎ ዕድሜዎን እዚያ ስለሠሩ፣ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽ ያሉት ድሮ ቢሆን ልክ ነበር። ያኔ የነበረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ብር ያወጣ፣ ተቀማጭ ይሰበስብ፣ ያበድርም ነበር። ተጫዋቹም ዳኛውም እሱ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግን ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ንግድ ባንክ ደንበኛውን ያዘ፤ ብሔራዊ ባንክ ብሩንና ቁጥጥሩን።

እኔ ቁጥጥር ላይ ነበርኩ። አንድ ቅርንጫፍ ስንደርስ ካዝናው በሁለት ሰው ቁልፍ ይከፈትና ጥሬ ገንዘቡ ይቆጠራል። እሱ ቶሎ ያልቃል። ዋናው ጣጣ የብድር ፋይሉ ነው። አንድ ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ብድር «ተከፍሏል» ተብሎ ተጽፎ አገኘን። ደረሰኙን ስንከተል፣ የተከፈለው ለዚያው ሰው በዚያው ሳምንት በተሰጠ አዲስ ብድር ነው። ወረቀቱ ላይ ባንኩ ጤነኛ ነው። የሕዝቡ ተቀማጭ ግን አደጋ ላይ ነው። ይሄን ማየት የምትችለው መስኮቱ ጋ የሠራች ልጅ ናት፤ ስለዚህ ከፋይነትሽን አትናቂው።

አቶ ተፈራ ደገፌም የብሔራዊ ባንክ ገዥ ከመሆናቸው በፊት ንግድ ባንክን መርተዋል። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ሲወረሱ የገዥው ወንበር ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ቀላል ጊዜ አልነበረም።

ለእኔ የዚያ ቤት ከባዱ ሥራ መንግሥትን «አይሆንም» ማለት ነው። በጀት ሲጎድል መንግሥት ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር ኖሯል። ሲበዛ ብሩ ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፣ ዋጋ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ደሴ ሸዋ በር ጤፍ የምትሸምት እናት ስለ ባንኩ ሰምታ አታውቅ ይሆናል፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን እሷ ናት። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ተወዳደሪ። የባንክ ሥራ አዋጁንና የብሔራዊ ባንክን መመሪያዎች ቀድመሽ አንብቢ፤ በተለይ ስለተበላሹ ብድሮች የሚለውን። ለአባትሽ ደግሞ ያንን የብድር ፋይል ንገሪያቸው።