ኤ በበዛበት ዩኒቨርሲቲ 3.52 ይዞ ስለ መመረቅ

ውድ ጠያቂ፣

በአሜሪካ ስመ ጥር ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ኢኮኖሚክስ እያጠኑ ሦስተኛ ዓመትዎን በ96 ክሬዲትና በ3.52 አማካይ ውጤት እንዳጠናቀቁ ጽፈውልኛል። አብዛኞቹ ጓደኞችዎ ከ3.8 በላይ ስላላቸው ወደ ኋላ የቀሩ መስሎ ተሰምቶዎታል፤ በዚህም የተነሳ ለመጨረሻው ዓመት ያሰቡትን የከፍተኛ ስታቲስቲክስ ኮርስና የመመረቂያ ጽሑፍ ትተው፣ ኤ በቀላሉ የሚገኝባቸውን ኮርሶች መውሰድ ይሻልዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። ከምረቃ በኋላ ጥቂት ዓመታት በጥናትና በመረጃ ትንተና ሥራ ቆይተው ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመሄድ ማሰብዎንም ገልጸዋል። መልሴ ሁለቱንም አይተዉ የሚል ነው። ይህን ያህል በእርግጠኝነት የምናገረው ለምን እንደሆነ ግን በዝርዝር ላስረዳዎት።

በመጀመሪያ፣ የተሰማዎት ነገር ከንቱ ጭንቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሐርቫርድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ መካከለኛ ውጤት (ውጤቶች ሁሉ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ኤ ማይነስ፣ ከሁሉ በላይ በብዛት የሚሰጠው ውጤት ደግሞ ኤ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ያው ዩኒቨርሲቲ በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከሚሰጡት ውጤቶች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኤ እንደሆኑና ይህ ድርሻ ከሃያ ዓመት በፊት ሩብ ገደማ ብቻ እንደነበረ ገልጿል። በዬል ዩኒቨርሲቲ በ2022–23 የትምህርት ዘመን ከተሰጡት ውጤቶች 79 በመቶ ያህሉ ኤ ወይም ኤ ማይነስ ሲሆኑ፣ አማካዩም 3.70 ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 3.52 ከአማካይ በታች ነው፤ ይህን ሸፋፍኜ ብነግርዎት ምክሬ አይጠቅምዎትም።

ይሁን እንጂ ይህ የውጤት ግሽበት፣ ማለትም ከፍተኛ ውጤት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መምጣቱ፣ ከዋጋ ግሽበት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የዕቃ ዋጋ ሲንር ውዱም ርካሹም አብረው ከፍ ስለሚሉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይጠፋም። ውጤት ግን 4.0 ላይ ጣሪያ ስላለው፣ ከታች ያለው እየወጣ ሲመጣ ከላይ የነበረው መሄጃ ያጣና ሁሉም በጠባቧ ቦታ ይታጨቃል። እጅግ የላቀውም ተማሪ፣ ደህና የሠራውም ተማሪ ያንኑ ኤ ይይዛሉ። ስለዚህ በ3.6 እና በ3.8 መካከል ያለው ርቀት ስለ ሁለት ሰዎች ችሎታ የሚናገረው ነገር ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ማን የትኛውን ኮርስ ከየትኛው መምህር እንደወሰደ ነው።

የውጤት ግሽበት መንስኤዎች ብዙ ናቸው፤ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመውን ብቻ ላንሳ። መምህራን በየሴሚስተሩ መጨረሻ በተማሪዎች ይገመገማሉ፤ በተለይ ቋሚ ቅጥር ለሌላቸው መምህራን ይህ ግምገማ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የትምህርት ክፍሎችም ተማሪ እንዳይሸሻቸው ይፈራሉ። በዚህ ሁኔታ ብቻውን ጠበቅ አድርጎ የሚያርም መምህር ተማሪዎቹን ይጎዳል፣ ራሱም ይጎዳል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ2004 በየትምህርት ክፍሉ የኤ ደረጃ ውጤቶች ከ35 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል መመሪያ አውጥቶ ለአሥር ዓመት ከሞከረ በኋላ በ2014 ተወው፤ ሌሎች ባልተከተሉበት መንገድ ብቻውን መሄድ ተማሪዎቹን ለጭንቀት ዳርጎ ነበርና። ይህን የምነግርዎ የእርስዎ ቢ ፕላስ ከየት እንደመጣ በትክክል እንዲያዩት ነው፤ ጠንካራ የሒሳብ መሠረት የሚጠይቁ ኮርሶች ከሌሎቹ ይልቅ ጠበቅ ተደርገው ስለሚታረሙ፣ እነሱን የመረጠ ተማሪ በአማካይ ውጤቱ ላይ ዋጋ ይከፍላል።

ትራንስክሪፕቱን የሚያነበው ሰው ይህን ሁሉ ይረዳል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ሁልጊዜ አይረዳም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ልምድ ያላቸው የተማሪ ቅበላ ባለሙያዎች ጭምር፣ ውጤት በልግስና ከሚሰጥበት ትምህርት ቤት የመጣውን አመልካች ጥብቅ ከሆነው ከመጣው እንደሚያስቀድሙ አሳይቷል፤ የየትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እንኳ በበቂ ሁኔታ ከግምት አላስገቡትም። ዳርትመዝ የተባለው የአሜሪካ ኮሌጅ ይህን ችግር ለማቃለል በተማሪው ትራንስክሪፕት ላይ የኮርሱን መካከለኛ ውጤትም አብሮ ያትማል። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ካላደረገ ያንን መረጃ አንባቢው ዘንድ የማድረስ ሥራ የእርስዎ ነው፤ እንዴት እንደሚያደርሱት ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። 32 ክሬዲት፣ ማለትም ባለ አራት ክሬዲት ስምንት ኮርሶች ቀርተውዎታል እንበል። ቀላል የተባሉትን መርጠው በስምንቱም ኤ ቢያገኙ የመመረቂያ ውጤትዎ 3.64 ይሆናል። ስታቲስቲክሱንና የመመረቂያ ጽሑፉን ወስደው በሁለቱም ቢ ፕላስ (3.3)፣ በቀሩት ስድስቱ ኤ ቢያገኙ ደግሞ 3.60 ላይ ያርፋሉ። በሲቪዎ ላይ በአንድ አሃዝ ሲጻፍ ሁለቱም 3.6 ናቸው። ብዙ አሠሪዎች አመልካች ለመለየት የሚያስቀምጡት ወሰን 3.0 ሲሆን፣ ጠበቅ የሚያደርጉት 3.5 ይጠይቃሉ፤ በሁለቱም መንገድ ከወሰኑ በላይ ነዎት። አንድ ሙሉ ዓመት ከፍለው የሚገዙት አራት መቶኛ ነጥብ (0.04) ነው ማለት ነው።

በአንጻሩ የሚያጡትን ይመልከቱ። በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት፣ ከፊታችን የተደረደሩት ትራንስክሪፕቶች ስለሚመሳሰሉ ውይይቱ ከውጤት ወጥቶ ቶሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ይሻገር ነበር፦ ይህ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ የሠራው ነገር ምንድን ነው? ለትንተና ሥራ የሚያመለክት ተማሪ ጥያቄውን እንዴት እንደቀረጸ፣ መረጃው ጎደሎ ሆኖ ሲያገኘው ምን እንዳደረገ፣ የመጀመሪያው ሞዴል አልሠራ ሲል ወዴት እንደዞረ መናገር ሲችል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያዳምጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ታሪክ ይሰጥዎታል፤ በቀላል ኮርስ የተገኘ ኤ ግን አይሰጥም። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱም የተማሩትን የስታቲስቲክስ ደረጃ በኮርስ ስሙ ይፈልጉታልና ባዶ ሆኖ ቢገኝ በ3.64 የሚካካስ አይደለም።

ከዚህም በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ለሆነ መምህር እርስዎን በቅርብ የማወቅ ዕድል ይሰጠዋል። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁት «ጎበዝ ተማሪ ነው» ከሚል ምስክርነት ይልቅ በልዩ ልዩ ዝርዝር እንዲጽፍልዎት በትሕትና ያመልክቱ፤ በኮርሱ ውስጥ ስንት ተማሪ እንደነበረ፣ የክፍሉ መካከለኛ ውጤት ምን እንደነበረ፣ እርስዎ ከስንተኛው መደብ እንደነበሩ። ትራንስክሪፕቱ ያልነገረውን የሚናገረው ይህ ደብዳቤ ነው። በሲቪዎም ላይ ከአማካይ ውጤትዎ አጠገብ የወሰዷቸውን ከባድ ኮርሶች በስማቸው ይዘርዝሩ።

ምክሬ የሚለወጥበት አንድ ሁኔታ አለ። የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስቡ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በድፍረት አልመክርዎትም ነበር። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት በየዓመቱ በይፋ ስለሚያወጡና ይህም በደረጃ ሰንጠረዦች ላይ ስለሚታይ፣ መቶኛ ነጥብም ለእነሱ ትልቅ ትርጉም አለው። የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ውጤትን አጥብቀው ይመለከታሉ። እርስዎ ያሰቡት መንገድ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው።

ስለ ጓደኞችዎ «ኤ የተሰጣቸው እንጂ ያገኙት አይደለም» ብለው ጽፈዋል። ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ከእነሱ መካከል ኤያቸውን ላባቸውን አፍስሰው ያገኙ ብዙዎች እንዳሉ አልጠራጠርም፤ ሥርዓቱ የእነሱንም ድካም እንዳይታይ አድርጎታል። በቃለ መጠይቅ ስለ ውጤትዎ ቢጠየቁ ሌላውን ሳያነሱ፣ የትኞቹን ኮርሶች ለምን እንደመረጡና ከእነሱ ምን መሥራት እንደቻሉ ብቻ ይናገሩ።

ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት በዚህ ወር ሁለት ሰዎችን ያነጋግሩ። የስታቲስቲክሱን መምህር የኮርሱን ዝርዝርና ያለፈ ዓመት ፈተና እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ የሒሳብ ዝግጅትዎ ከወዲሁ መሟላት የሚገባው ከሆነ የዕረፍቱ ጊዜ ይበቃዎታል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪነት ያሰቡት መምህር ዘንድ ደግሞ የአንድ ገጽ ሐሳብ ይዘው ይሂዱና ሥራው በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ ሊመዘገብ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ከተቻለ ስታቲስቲክሱን በመጀመሪያው ሴሚስተር ያስቀድሙት፤ ለጽሑፉ ትንተና የሚያስፈልግዎትን ዘዴ ከዚያው ያገኙታል።