ለነጻ ፊልም 3,500 ብር የከፈልኩት እኔ ነኝ

«ከደሴ የመጣሁ የአንደኛ ዓመት የቲያትር ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ብር ሳላወጣ ፊልምና ኤግዚቢሽን የት አገኛለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን ነው ይሄ። ሌሎቹ «ጎግል አድርጊ» ብለውሽ አልፈዋል። እኔ ገንዘብ ከስክሼ የተማርኩት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ዶርም እንደምትኖሪና ከቤት የሚላክልሽ ብር ወሩን እንደማይደፍን ገምቼ ነው የምጽፈው። የኔ እንደዛ ነበር።

1. ከግቢ ሳትርቂ ጀምሪ። የጀርመን የባህል ማዕከሉ ጎተ ኢንስቲትዩት እዛው ስድስት ኪሎ ነው። ፊልም ያሳያል፣ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፣ አብዛኛው በነጻ ነው። ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ስትወርጂ ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። የራሱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሆኖ ሳለ ስንቱ ተማሪ በሩን አልፎ ታክሲ ይሳፈራል። ከጀርመን አገር የተመለሱትን የገብረ ክርስቶስን ሥዕሎች ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ እዪ። ፒያሳ የፈረንሳይ ቋንቋና ባህል ማዕከሉ አሊያንስ አለልሽ። ኮንሰርት ላይ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ የሥዕል ኤግዚቢሽን ግን እኔ ከፍዬ አይቼ አላውቅም።

2. ለነጻ ነገር አትክፈዪ። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) «የፊልም ሳምንት፣ ሥልጠና ከሰርተፍኬት ጋር፣ ቦታው ውስን ነው» የሚል ፖስተር ለጠፈ። 3,500 ብር። እናቴ ለጫማና ለብርድ ልብስ የላከችልኝን ብር ወስጄ ሰጠኋቸው። በምትኩ ቀይ ማንጠልጠያ ያለው ካርድ ሰጡኝ። ስሜንም አሳስተውታል።

በመጀመሪያው ምሽት ካርዱን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸና «ግባ» አለኝ። ካርዱን ዞር ብሎም አላየውም። አጠገቤ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«እርስዎ ስንት ከፈሉ?» አልኳቸው።

«የምን ክፍያ ልጄ? ነጻ እኮ ነው!» ብለው ከቆሎው ዘገኑልኝ።

ካርዱን ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። ፊልሙ ስለምን እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። ሥልጠናውማ፣ አንድ ሰውዬ ለአርባ ደቂቃ ስለ ራሱ አወራና ለሻይ ወጣን፤ እሱ በዚያው ቀረ።

ብሬን ልጠይቅ ቢሯቸው ሄድኩ። አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሠራም። ልጅቷ ጥፍሯን እየሞረደች ቀና እንኳ ሳትል «ደረሰኝ አለህ?» አለችኝ። ደረሰኝ የከለከለችኝ ራሷ ናት! «እንግዲህ ያለ ደረሰኝ…» ብላ ወደ ጥፍሯ ተመለሰች። አራት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ሰርተፍኬቱን ሰጥታ ሸኘችኝ። እሱም ላይ ስሜ እንደተሳሳተ ነው።

ስለዚህ ማንም ክፈዪ ካለሽ መጀመሪያ ዝግጅቱ የሚካሄድበትን ቤት ራሱን ጠይቂ። ደውዪ፣ ወይ ቴሌግራም ቻናላቸውን እዪ። ያኔ አዳራሹ በር ድረስ ሄጄ ጥበቃውን አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ያንን ክረምት በጋቢ ብቻ አላሳልፍም ነበር።

የቱ ጋ ነበርኩ? 3. ኤግዚቢሽን ካለ የመክፈቻውን ምሽት አትለፊው። ሠዓሊው ራሱ ይገኛል። ሰዉ ከጓደኛው ጋር ጥግ ይዞ ሲያወራ እሱ ብቻውን የሚቆምባት ሰዓት አለች። ያኔ ጠጋ በዪ። «ይሄን በብሩሽ ነው የሠራኸው?» ብትዪ ይበቃል፤ ፍልስፍና አያስፈልግም። እኔ እንደዛ ጠይቄ ነው ስቱዲዮ የተጋበዝኩት። ከፊልም በኋላ ውይይት ካለም ቁጭ በዪ። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን የቀረጸልኝን ልጅ ያገኘሁት አንድ ውይይት ላይ ተጨቃጭቀን ነው። ፊልሟ 11 ደቂቃ ናት፤ ወጪዋ ከዛ ካርድ ያንሳል። አዎ፣ ጉራዬን እየነዛሁ ነው።

ስለ ብሔራዊና ስለ ሀገር ፍቅር ለቲያትር ተማሪ አልነግርም። ብቻ እያንዳንዱ ቲያትር የራሱ ቀን ስላለው ከቤት ሳትወጪ አጣሪ። እኔ ለአንዱ ብዬ ሄጄ ሌላ አይቼ ተመልሻለሁ፤ አልተቆጨሁም። የቆዩ ጽሑፎች ደግሞ ለአዝማሪና ለጃዝ ካዛንቺስ ፈንዲቃ ይልኩሻል። ያ ቤት በ2017 ፈርሷል፤ በከንቱ እንዳትንከራተቺ።

መታወቂያሽን ያዢ፣ በር ላይ ይጠይቁሻል። የማታ ፊልም ከዶርም ልጆች ጋር ሆናችሁ እዩ፤ ከስድስት ኪሎ ራቅ ያለውን ለቅዳሜ ከሰዓት አድርጊው፤ ማታ የታክሲ ሰልፉ አይቻልም።